አፈሙዝ ምን ያህል ይርዘም?

ጠመንጃ ሲነሳ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ቁመቱን ነው። ረጅሙ ሩቅ ይመታል፣ አጭሩ ለቅርብ ነው፤ ረጅሙ አይስትም፣ አጭሩ ይበትናል ይባላል። አባባሉ ፈጽሞ ሐሰት ባይሆንም ነገሩን የሚጀምረው ከተሳሳተ ጫፍ ነው። የአፈሙዝን ትክክለኛ ርዝመት በመጀመሪያ የሚወስነው ጥይቱ፣ በተለይም ቀለሁ ውስጥ ያለው የባሩድ መጠንና ባሕርይ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ተኩሱ የሚደረግበት ርቀት ሲሆን፣ በመጨረሻ ደግሞ መሣሪያውን ተሸክሞ የሚውለው ሰው ሥራ ይታያል። ሦስቱን በዚህ ቅደም ተከተል ያልጠየቀ መራጭ፣ የጦር ሠራዊትም ይሁን አዳኝ፣ ወይ የማይጠቅም ብረት ይሸከማል፣ ወይም ገንዘብ የከፈለበትን ባሩድ ከአፈሙዙ ውጭ በከንቱ ያቃጥላል። የጦር መሣሪያን ታሪክ ስንመረምርም ይኸው ስህተት በሁለት አቅጣጫ ሲደጋገም እናገኘዋለን። ሠራዊቶች ምክንያቱ ያለፈበትን ርዝመት ለብዙ ዘመን ይዘው ተጓዙ፤ ማሳጠሩን ከለመዱ በኋላ ደግሞ ጥይታቸው ከሚፈቅደው በላይ ቆረጡ።

አፈሙዝ እዚህ ላይ የምንለው ጥይት ከሚጎርስበት ክፍል እስከ ጫፉ ያለውን ቱቦ በሙሉ ነው። ርዝመቱ የሚለካውም ጥይቱን ከኋላ ደግፎ ከሚይዘው መዝጊያ ፊት ተነስቶ ነው። ቃታ ሲሳብ ባሩዱ ተቀጣጥሎ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙም ሌላ መውጫ ስለማያገኝ አረሩን ወደፊት ይገፋዋል። ግፊቱ ጣሪያ የሚደርሰው አረሩ ገና ጥቂት ሴንቲ ሜትር እንደሄደ ነው። ከዚያ ወዲያ አረሩ በራቀ ቁጥር ከኋላው ያለው ክፍተት እየሰፋ፣ ጋዙም እየላላ ይመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ስንዝር ብዙ ይሰጣል፣ ሁለተኛው ያንሳል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ባሩዱ ጥቂት ከሆነ ጭራሽ የጋዙ ግፊት ከሰበቃው በታች ይወርድና አረሩ ገና ከአፈሙዙ ሳይወጣ ፍጥነቱ መቀነስ ይጀምራል። ለኢላማ ልምምድና ለትናንሽ እንስሳት አደን የምታገለግለው ባለ 22 ካሊበር ጥይት ከ40 ሴንቲ ሜትር ገደማ በኋላ ከአፈሙዝ ርዝመት የምታተርፈው ፍጥነት የለም። ሆኖም በዚችው ጥይት የሚተኩሱ ባለ 60 ሴንቲ ሜትር ጠመንጃዎች ይሠራሉ፤ ለምን እንደሚሠሩ ወደፊት እናያለን።

ይህን በቁጥር ለማየት ከክላሽ የተሻለ ምስክር አይገኝም፤ አንዱ ጥይት በተለያየ ርዝመት አፈሙዝ ተሞክሮበታልና። ኤኬኤም የተባለው ክላሽ 7.62 በ39 ሚሊ ሜትር ጥይቱን የሚተኩሰው በ415 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ ሲሆን፣ አረሩ በሴኮንድ 715 ሜትር ገደማ እየበረረ ይወጣል። ይኸው ጥይት አርፒኬ በሚባለው ቀላል መትረየስ፣ በ590 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ ሲተኮስ ፍጥነቱ 745 ሜትር ይሆናል። ስንዝር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ብረት ተጨምሮ የተገኘው ትርፍ 30 ሜትር ብቻ ነው። አፈሙዙ በ42 በመቶ ረዝሞ የአረሩ ጉልበት የጨመረው 9 በመቶ አይሞላም። አሁን ደግሞ 5.45 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርሰውን የኋለኛውን ክላሽ እንውሰድ። ኤኬ74 በዚያው በ415 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ አረሩን በ900 ሜትር ያስወጣል። አርፒኬ74 በ590 ሚሊ ሜትር 960 ያደርሰዋል። ለመኪናና ለታንክ ሠራተኞች፣ ለሄሊኮፕተር አብራሪዎች ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1979 ወደ አገልግሎት የገባው አጭሩ ኤኬኤስ74ዩ ግን አፈሙዙ 206.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ፍጥነቱ ወደ 735 ይወርዳል። ጉልበት የሚሰላው ፍጥነት በራሱ ተባዝቶ ነውና አፈሙዙን በግማሽ ያሳጠረ ሰው ከጥይቱ ጉልበት ሲሶውን አጣ ማለት ነው።

ከእነዚህ አምስት ቁጥሮች ሁለት ነገር ይነበባል። አንደኛው፣ ርዝመት ከታች ሲቆረጥ የሚያስከፍለው ዋጋ ከላይ ሲጨመር ከሚሰጠው ትርፍ እጅግ ይበልጣል። ሁለተኛው ደግሞ ተመሳሳይ 175 ሚሊ ሜትር ብረት ለትልቁ አረር 30 ሜትር ፍጥነት ሲጨምር ለትንሹ 60 ሜትር መጨመሩ ነው። ምክንያቱ የሚገኘው ቱቦው ውስጥ ነው። የ7.62 አፈሙዝ የውስጥ ስፋት የ5.45ን እጥፍ ያህላል፤ በሁለቱ ቀለሆች ውስጥ ያለው ባሩድ ግን ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ በሰፊው ቱቦ ውስጥ ጋዙ ቶሎ ቦታ አግኝቶ ቶሎ ይደክማል፤ በጠባቡ ውስጥ ግን ተጨንቆ ረዘም ላለ ርቀት ይገፋል። «ለክላሽ የሚበቃው አፈሙዝ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የትኛውን ጥይት የሚጎርሰውን ክላሽ እንደሆነ መናገር ያለበት ለዚህ ነው። ትርፉ እንዲህ ካነሰ የሩሲያ መሐንዲሶች አርፒኬን ስለምን አስረዘሙት የሚል ይኖራል። የአርፒኬ ዋናው ነገር ውፍረቱ ነው። መትረየስ ሳያቋርጥ ስለሚተኩስ አፈሙዙ ይግላል፤ ወፍራም ብረት ሙቀቱን ተሸክሞ ይቆያል። አርፒኬ በጦር ሜዳ አፈሙዙን ፈትቶ በሌላ መተካት ስለማይቻል ውፍረቱ የግድ ነበር። ርዝመቱ የሰጠው ትንሽ ፍጥነት ተጨማሪ ጥቅም እንጂ ዋናው ዓላማ አይደለም።

ረጅም አፈሙዝ እንደ መሣሪያ ደንብ የተቆጠረበት ዘመን የራሱ ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱ ግን ከአረር ፍጥነት ጋር ብዙም አይገናኝም። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ እግረኛ ጦር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ ሁለትና ሦስት ረድፍ ሠርቶ ነበር የሚተኩሰው። የኋለኛው ሰው አፈሙዝ የፊተኛውን ጆሮ አልፎ ካልወጣ ነበልባሉ የሚለበልበው የገዛ ወገንን ነው። ፈረሰኛ ሲመጣ ደግሞ ያው ጠመንጃ ሳንጃ ተሰክቶበት ጦር ይሆናል፤ ጦርም በቁመቱ ነው የሚያድነው። የእንግሊዝ እግረኛ ጦር ጠመንጃ በዘመኑ መጀመሪያ 1168 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ ነበረው። በዘመኑ መጨረሻ ለምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጦር የተሠራው ባለ 991 ሚሊ ሜትሩ ዓይነት በችኮላ ለመደበኛው ሠራዊት ተወሰደ፤ እንግሊዞች ከናፖሊዮን ጋር የተዋጉትም በዋናነት በዚሁ ባጠረው ጠመንጃ ነው። ያ ሁሉ ብረት ሲቀነስ በጦር ሜዳ የታየ ጉድለት አልነበረም።

ወደ እኛ አገር የገቡት የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ጠመንጃዎችም የዚህ ልማድ ልጆች ናቸው። በ1868 ዓ.ም በጉንደትና በጉራዕ የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ከግብፆች የማረከው ረሚንግተን፣ በዓድዋ ጊዜም በብዙ ኢትዮጵያዊ ዘማች እጅ የነበረው ውጅግራ፣ ሁለቱም ረጃጅም ናቸው። ውጅግራ የሚባለው እ.ኤ.አ. የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ አፈሙዙ 820 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላ ቁመቱ 1.30 ሜትር ሲሆን፣ ረጅሙ ሳንጃ ሲሰካበት ከአማካይ ሰው ቁመት ይበልጣል። በጥቁር ባሩድ ስለሚሠራ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን አረሩን የሚያስወጣው በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ነው። ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጋዝ ሳይሆን ጭስና ጥላሸት ይሆናል። በዚህ ምክንያት አፈሙዝ በማስረዘም ሊጨመር የሚችለው ፍጥነት ወሰን ነበረው፤ ወሰኑንም ያስጣሰው የርዝመት መጨመር ሳይሆን የባሩዱ መለወጥ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ከሠራ በኋላ በ1886 የወጣው የለበል ጠመንጃ፣ ከውጅግራ ባጠረ የ800 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ፣ አረሩን ከ600 ሜትር በላይ አስፈነጠረው።

ነገር ግን ባሩዱ ሲለወጥ ርዝመቱ ወዲያው አልተለወጠም። አብዛኞቹ ሠራዊቶች ሁለት ዓይነት ጠመንጃ ይዘው ቀጠሉ፤ ረጅሙ ለእግረኛ፣ አጭሩ ለፈረሰኛና ለመድፈኛ። ይህን ክፍፍል ያፈረሱት እንግሊዞችና አሜሪካኖች ናቸው። እንግሊዞች ከደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ተምረው የሊ ኤንፊልድን አፈሙዝ ከ767 ወደ 640 ሚሊ ሜትር አወረዱና ለሁሉም ወታደር አንድ ጠመንጃ ሰጡ። አሜሪካኖችም በ1903ቱ ስፕሪንግፊልድ ከ762 ወደ 610 ወረዱ። ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። የእንግሊዝ ኢላማ ተኳሾች አዲሱ ጠመንጃ ለእግረኛ ያጠረ፣ ለፈረሰኛ የረዘመ፣ ለማንም የማይሆን ነው ብለው ተከራከሩ። ጀርመኖች በበኩላቸው የእግረኛውን 740 ሚሊ ሜትር ማውዘር አንደኛው የዓለም ጦርነት እስኪያልቅ ይዘው ቆይተው በ1935 ወደ 600 ሚሊ ሜትር ወረዱ። በአገራችን በልጅግ በሚል ስም የሚታወቀው የቤልጅግ ማውዘር አፈሙዝም 590 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የተለያዩ አገሮች፣ አንዳቸው ከሌላው ተነጥለው፣ ተመሳሳይ ኃይል ላለው ጥይት ወደ 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ መሰብሰባቸው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ለእነዚያ ትልልቅ ቀለሆች ፍጥነት ብዙ ሳይጠፋ ሸክሙ የሚቀልለው እዚያ ላይ ነበር።

የኢላማ ተኳሾቹ ክርክር ግን መልስ ይገባዋል፤ ዛሬም ድረስ የሚሰማ ነውና። ረጅም አፈሙዝ አይስትም የሚለው እምነት ከልምድ የመጣ ነው፤ ልምዱ እውነት ሲሆን ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። በዓይን ብቻ ሲነጣጠር የፊቱና የኋላው ማነጣጠሪያ በተራራቁ ቁጥር የዓይን ስህተት ያንሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ሲያጥር ያው የፀጉር ያህል መዛነፍ ኢላማው ላይ እጥፍ ሆኖ ይታያል። ያችን ባለ 22 ካሊበር ጥይት የሚተኩሱ ሰዎች ለፍጥነት የማይጠቅማቸውን ረጅም አፈሙዝ የሚወዱት ለዚህ ነው። መነጽር ከተገጠመ ግን ይህ ጥቅም በሙሉ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ እንዲያውም ነገሩ ይገለበጣል። አፈሙዝ ሲተኮስበት ይርገበገባል፤ ርዝመቱና ውፍረቱም የመርገብገቡን መጠን ይወስናሉ፣ ልክ ረጅም ሸንበቆ ከአጭሩ በላይ እንደሚወዛወዝ። ውፍረቱ እኩል ሆኖ ርዝመቱ እጥፍ የሆነ ብረት በአንድ ዓይነት ኃይል ሲገፋ ስምንት እጥፍ ይጎብጣል። ስለዚህ አጭርና ወፍራም አፈሙዝ አረሮቹን ከረጅምና ቀጭኑ ይበልጥ አቀራርቦ ሊያሳርፍ ይችላል። አልሞ ተኳሾች ረጅሙን የሚመርጡት ፍጥነት ፈልገው ነው፤ ፈጣን አረር በሩቅ ኢላማ ላይ የሚወርደው ያንሳል፣ ነፋስም የሚገፋው ያንሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ መግባት አለበት። ፋብሪካ አጭር አድርጎ የሠራው አፈሙዝና ረጅም ሆኖ ተሠርቶ በመጋዝ የተቆረጠ አፈሙዝ አንድ አይደሉም። አረር ተሽከርክሮ እንዲወጣ በአፈሙዙ ውስጥ ጥምዝ ቦዮች ይቀረጻሉ። የ1891ዱ የጣሊያን ካርካኖ ጠመንጃ ቦዮቹ ከኋላ ላላ ብለው ወደ ጫፉ እየጠበቁ የሚሄዱ ናቸው። እንዲህ ያለውን አፈሙዝ ከጫፉ የቆረጠ ሰው አረሩን አጥብቆ የሚያሽከረክረውን ክፍል ነው የሚጥለው። ጋዝ ተመልሶ የሚያጎርሳቸው ዘመናዊ ጠመንጃዎች ደግሞ ጋዙን የሚቀበለው ቀዳዳና የአፈሙዙ ጫፍ ምን ያህል እንደሚራራቁ ተለክቶ ስለሚሠሩ ርዝመታቸው ሲነካ መጉረስና መትፋት ይሳናቸዋል። የአጭሩ ኤኬኤስ74ዩ ጫፍ ላይ የሚታየው ወፍራም ቆብም ለማስጌጫ አይደለም፤ ቶሎ የሚያመልጠውን ጋዝ ለአፍታ አግቶ መሣሪያው እንዲሠራ የሚያደርግ ክፍል ነው።

ሁለተኛው ስህተት፣ ማለትም ከጥይቱ አቅም በላይ ማሳጠር፣ በግልጽ የታየው በአሜሪካ ጦር ነው። ኤም16 ሲሠራ 5.56 ሚሊ ሜትር የሆነችውን ቀላል አረር በ508 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ እንዲያስወጣ ተደርጎ ነው። የጥይቷ ጥበብ በሙሉ የቆመው በፍጥነት ላይ ነበር፤ ክብደት የላትምና። በቬትናም ጦርነት ለልዩ ኃይሎች ተብሎ አፈሙዙ ወደ 254 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ነበልባሉና ጩኸቱ ከልክ አለፈ። ሳይቃጠል የቀረው ባሩድ ጫፉ ላይ እየነደደ፣ በሌሊት ተኳሹን ራሱን የሚያሳውርና ቦታውን የሚያጋልጥ ሆነ። አፈሙዙን ወደ 292 አስረዝመው፣ ጫፉ ላይ ጩኸትና ነበልባል የሚቀንስ ረጅም ዕቃ ገጠሙበት። ያሳጠሩትን መልሰው በሌላ ብረት ሞሉት ማለት ነው። በ1994 የመጣው ኤም4 የ368 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ ያዘና የሠራዊቱ ዋና ጠመንጃ እየሆነ ሄደ። በኤም855 ጥይት የኤም16 ኋለኛው ዓይነት ኤም16ኤ2 950 ሜትር ገደማ ሲያስወጣ ኤም4 ወደ 900 ይወርዳል። ከተሽከርካሪ ለሚወርድ፣ በር ሰብሮ ለሚገባ ወታደር ይህ ኪሳራ ከጥቅሙ ያንሳል። በአፍጋኒስታን ተራሮች፣ ጠላት ከሸለቆ ማዶ ሆኖ ሲተኩስ ግን ያች 50 ሜትር ተፈለገች። መፍትሔውም የመጣው ከጥይቱ በኩል ነው፤ በ2010 የገባው ኤም855ኤ1 ባሩዱ ለአጭሩ አፈሙዝ እንዲስማማ ተደርጎ የተቀመመ ነበር።

አፈሙዙን ሳያሳጥሩ ጠመንጃውን ማሳጠር ይቻላል የሚሉ ሰዎች ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። ዘዴው ካዝናውንና መዝጊያውን ከቃታው ኋላ፣ ሰደፉ ውስጥ ማስገባት ነው። የኦስትሪያው ስታየር ኦግ 508 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ ይዞ ጠቅላላ ቁመቱ 790 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የእስራኤሉ ታቮር በ720 ሚሊ ሜትር ቁመት ውስጥ 460 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ ይዟል። በስሌት ደረጃ ይህ አሸናፊ ነው። ይሁን እንጂ መዝጊያው ከጉንጭ ሥር ስለሚሆን ቀለሁ የሚዘለው በተኳሹ ፊት አጠገብ ነው፤ በግራ ትከሻው ለሚተኩስ ሰው ችግር ይሆናል። ቃታው ከመዝጊያው በረጅም ዘንግ ስለሚገናኝ አሳሳቡ ይከብዳል፣ ካዝና መቀየርም ክንድን ወደ ኋላ ማጠፍ ይጠይቃል። ፈረንሳይ በዚሁ ቅርጽ የተሠራውን ፋማስ ጠመንጃዋን ትታ በ2016 የጀርመኑን ኤችኬ416 መምረጧ፣ ቻይናም ከ2019 ጀምሮ በሰደፉ ከሚጎርሰው ጠመንጃዋ ወደ መደበኛው ቅርጽ መመለሷ፣ ርዝመትን ማዳን ብቻውን ጠመንጃ እንደማያስመርጥ ያሳያል። ፈረንሳዮች አዲሱን ጠመንጃ በ368 እና በ279 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ፣ በሁለት ዓይነት መግዛታቸውም ልብ ይባልልኝ። ያ የጥንቱ የእግረኛና የፈረሰኛ ክፍፍል ተመልሶ መጣ።

በአዳኞች ዘንድ ምርጫው ቀለል ያለ ነው። ብዙ ባሩድ በጠባብ አፈሙዝ የሚያቃጥሉት ማግነም ጥይቶች ከ61 እስከ 66 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ካጠሩ ተጨማሪው ባሩድ ጩኸት ብቻ ይሆናል። መጠነኛ ጥይት ይዞ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ የሚያድን ሰው በ50 ሴንቲ ሜትር የሚጎድለው ነገር የለም። ፍንጣሪ አረር የሚበትነው ሾትገን ባሩዱን የሚጨርሰው በ50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የወፍ አዳኞች 71 ወይም 76 ሴንቲ ሜትር የሚይዙት የምትበር ወፍ ሲከተሉ ረጅሙ ብረት እጃቸውን ስለሚያረጋው ነው። ሽጉጥ ላይ ደግሞ ፍጥነት ከመያዣ ምቾት በኋላ ይመጣል። በ12 ሴንቲ ሜትር ሽጉጥ በሴኮንድ 350 ሜትር የምትወጣው ባለ 9 ሚሊ ሜትር አረር፣ 26 ሴንቲ ሜትር አፈሙዝ ባለው ኡዚ 400 ሜትር ብትደርስ ነው። ሕግም ርዝመት ይወስናል። አሜሪካ በ1934 ባወጣችው ሕግ አጫጭር ጠመንጃዎችን ለመደበቅ ስለሚያመቹ ልዩ ምዝገባና የ200 ዶላር ግብር ጣለችባቸው። ዛሬ ወሰኑ ለጠመንጃ 406፣ ለሾትገን 457 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያ አገር የሚኖር ወገናችን መሣሪያ ቤት ገብቶ የኤም16 ዝርያ ጠመንጃዎች በብዛት ልክ 406 ሚሊ ሜትር ሆነው ቢያገኛቸው፣ ይህን ቁጥር የመረጠው የጥይቷ ባሕርይ ሳይሆን ሕጉ መሆኑን ማወቅ ይበጀዋል።

የአሜሪካ ጦር በሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. የመረጠው ኤም7 የክርክሩን አዲስ ምዕራፍ ከፍቷል። አፈሙዙ 330 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ከኤም4 እንኳ ያጠረ። ሆኖም የሚጎርሰው 6.8 ሚሊ ሜትር ጥይት ከሩቅ እንዲመታ ተፈልጓል። መሐንዲሶቹ በርዝመት ያጡትን በግፊት ለመተካት ወሰኑ፤ ግፊቱ በአንድ ኢንች ካሬ እስከ 80,000 ፓውንድ ስለሚደርስ የናስ ቀለህ ብቻውን አይችለውምና መቀመጫው ከብረት ተሠራ። የአጭር አፈሙዝ ጩኸትና ነበልባል እንዲቀንስም ድምፅ ማፈኛ አብሮት ይታደላል፤ ማፈኛው ሲገጠም የተቀነሰው ቁመት መልሶ ይመጣል። ጠመንጃው ከኤም4 ይከብዳል፣ ምቱም ትከሻ ላይ ይበረታል። ካዝናው የሚይዘው 30 መሆኑ ቀርቶ 20 ሆኗል፤ አንድ ወታደር በተለመዱት ሰባት ካዝናዎች ይዞ የሚወጣው ጥይትም ከ210 ወደ 140 ወርዷል።